ለሙያ የምንከፍለው የምናከብረውን ያህል ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ደብረ ብርሃን ገባ። ዛሬ ግንበኛ ነው። በሁለት ሳምንት የሚያገኘው የእኔን የወር ደሞዝ ያስንቃል። እናታችን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈሩ አዋላጅ ነበረች። አንድም ቀን ገንዘብ ሲከፈላት አላየሁም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ‹መምህር የሀገር መሠረት ነው› ይባላል። አንድ ኅብረተሰብ ለሙያ የሚከፍለው የሚያከብረውን ያህል ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ እኔና እናቴ ስንት ነን? ሥራስ ልቀይር ወይ?»

መልስ፦ እህቴ፣ «ስንት ነን» ያልሽው ከበድ ይላል። የእኔ እንጀራ ይኸው ነው። የሥራ መደቦችን እመዝናለሁ፣ ደረጃ አወጣለሁ፣ ከደረጃው ትይዩ ብር ይጻፋል። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ የታዘብኩት ነገር አለ። ሰው ደሞዙ ሲነገረው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ አስቤዛና ስለ ቤት ኪራይ አይደለም። «ለካ እንዲህ ነው የሚያዩኝ» ነው የሚለው። አስቤዛው የሚመጣው ማታ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የወንድምሽን ክፍያ የወሰነው ገበያ ነው። ገበያ ደግሞ ማንንም አያከብርም፣ ማንንም አይንቅም። ያንቺን ደሞዝ ግን ገበያ አልወሰነውም። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ወሰኑት። የእናትሽን ደግሞ ማንም አልወሰነውም፤ እንዲሁ ተትቶ ነው የቀረው። ስለዚህ «ኅብረተሰቡ ምን ያህል ያከብረናል?» የሚለው ጥያቄሽ ለወንድምሽ አይሠራም። ለአንቺና ለእናትሽ ግን ይሠራል። ሦስታችሁን በአንድ ሚዛን ስታስቀምጪ ነው ነገሩ የሚምታታው።

ከወንድምሽ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ድሮ በብርዱና በብርድ ልብስ ፋብሪካው ነበር የምትታወቀው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. መጣ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ። ቢራው፣ ብቅሉ፣ ሌላውም ፋብሪካ መጣ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ መሆኗም ጠቀማት። ፋብሪካ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ይፈለጋል፣ ቤት ሲፈለግ ግንበኛ ይፈለጋል።

ጠዋት የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበት ቦታ ሄደሽ አንድ ጊዜ ብታዪ ጥሩ ነበር። ፎርማኑ ይመጣና «ለጉልበት!» ሲል ሁሉም ይከበዋል። «ግንበኛ!» ሲል እጃቸውን የሚያወጡት ጥቂት ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች አይሯሯጡም። ቆመው «ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ዋጋው ካልጣማቸው ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ወንድምሽ ያለው ጉልበት ይህ ነው። ቱንቢውን ይዞ «እምቢ» ብሎ መሄድ ይችላል፤ አሠሪውም ይህን ያውቃል። በዚያ ላይ የሠራው ሥራ እዚያው በዚያው ይታያል። ማታ ላይ ግድግዳው ስንት ካሬ እንደ ሆነ በሜትር ይለካል። አንቺ ዘንድሮ ፊደል ያስቆጠርሻቸው ልጆች ምን እንደ ሆኑ የሚታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔም ማንም መጥቶ አይለካም።

ይህ የፍላጎትና የአቅርቦት ነገር ለሸዋ አዲስ አይደለም። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ ጨው ከሚቆረጥበት የአፋር ዝቅታ አጠገብ ርካሽ ነበር። እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ጨዉ ያው ጨው ነው፤ የተቀየረው የሚገኝበት ቦታና የሚፈልገው ሰው ብዛት ነው። አሞሌው ሲወደድ ሰው ጨውን ማክበር ጀመረ የሚል የለም። ግንበኛ ሲወደድ ግን «ዘመኑ እውቀትን ናቀ» እንላለን።

አንድ ነገር ልጨምር። የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. አንዱ ሥራ ከሌላው ለምን የበለጠ እንደሚከፈል ሲያስረዳ አምስት ምክንያት አስቀምጧል። ሥራው ደስ የሚል ወይም የሚያስጠላ መሆኑ፣ ለመማር የሚጠይቀው ወጪ፣ የማይቋረጥ መሆኑ፣ የሚጠይቀው አደራ፣ ተምሮ የመሳካት ዕድሉ። ለማይቋረጥ ሥራ ማነጻጸሪያ ብሎ ያመጣው ማንን መሰለሽ? ግንበኛን ነው። ግንበኛ በውርጭና በክፉ አየር መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ የሠራበት ቀን ክፍያ ያልሠራበትንም ቀን መሸፈን አለበት ይላል። ሰውየው ስለ ደብረ ብርሃን የሚያወራ ነው የሚመስለው። የጥቅምት ውርጭ ሲመታ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ፣ ወንድምሽ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ ጠይቂው። ሲሚንቶ ሲጠፋ፣ ባለቤቱ ብር ሲያጥረው፣ እግሩ ሲወለምም የሚከፍለው የለም። ያንቺን ወር ከእሱ ሁለት ሳምንት ጋር አታነጻጽሪ። ዓመትን ከዓመት ጋር አነጻጽሪ። ልዩነቱ ይጠባል። አይጠፋም፣ ግን ይጠባል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ነገሩ ጠንከር የሚለው እዚህ ነው።

የመምህር ደሞዝ ወደ ኋላ የሚቀረው እዚህ ብቻ አይደለም። በብዙ አገር እንዲሁ ነው። አንዱን ምክንያት ባውሞልና ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች በ1966 እ.ኤ.አ. አስቀምጠውታል። እነሱ ያጠኑት የሙዚቃና የቲያትር ሥራን ነው። አራት ሰው የሚጫወተውን ሙዚቃ ዛሬም ያው አራት ሰው ነው የሚጫወተው፣ ጊዜውም ያው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን አንድ ሠራተኛ በማሽን የሚያመርተው ከአያቱ ብዙ እጥፍ ሆኗል። የፋብሪካው ደሞዝ ሲጨምር የሙዚቀኛውም መጨመር አለበት፤ አለዚያ ሙያውን ትቶ ይሄዳል። ግን ሙዚቀኛው በሰዓት የሚያወጣው አልጨመረም። ስለዚህ ሥራው ከዓመት ዓመት እየተወደደ የሚሄድ ይመስላል። ከፋዩም ይፈራና እጁን ይሰበስባል።

ይህን ለማየት ከመንዝ መውጣት አያስፈልግሽም። ጎረቤትሽ ባና ስታዘጋጅ አይተሻል። በጉ ይሸለታል። ፀጉሩ ይታጠባል። በደጋን ይነደፋል። ከዚያ እንዝርቷን ይዛ ገበያ ስትሄድም፣ ከብት ስትጠብቅም፣ እሳት ዳር ተቀምጣም ትፈትላለች። ፈትሉ ለሸማኔው ይሰጣል። አንድ ባና ውስጥ ስንት የሴት ሰዓት እንዳለ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። ገበያ ላይ ስትወጣ ግን ገዢው ሰዓቷን አይጠይቅም። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ከተሠራው ብርድ ልብስ ጋር ነው ዋጋውን የሚያነጻጽረው። ማሽኑ ዋጋ አወጣ፣ እሷ ደግሞ በማሽኑ ዋጋ ሰዓቷን ሸጠች። አንድም ሰው ሊያዋርዳት አስቦ አይደለም።

ያንቺ ክፍል ከእሷም ይብሳል። እሷ ማሽን ልትገዛ ትችል ይሆናል። አንቺ ግን የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ በ20 ደቂቃ ብትጨርሺው ምርታማ አይሉሽም፤ ሰነፍ ይሉሻል። 60 ልጅ የነበረውን ክፍል 120 ብታደርጊው ደግሞ አስተማርሽ አይባልም፣ ጠበቅሽ እንጂ። ማስተማር በባሕርዩ ጊዜ ይበላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ የበጀት ሰዎች ሲወዱት አይቻለሁ። ወንድምሽ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሕንፃ አለው ብያለሁ። አንቺስ ከመንገዱ ማዶ ምን አለሽ? መሐል ሜዳ ውስጥ የመምህርን ሥራ የሚገዛው አንድ አካል ነው ማለት ይቻላል፤ መንግሥት። ሻጭ ብዙ፣ ገዢ አንድ ሲሆን ዋጋውን የሚናገረው ገዢው ነው። ጤፍ ለመሸጥ አረርቲ ገበያ የወጣ የሚንጃር ገበሬ አንድ ነጋዴ ብቻ ቢጠብቀው ምን እንደሚሆን አስቢው። ስለዚህ «የመምህር ደሞዝን ገበያው ነው ያወረደው» ሲሉሽ አትቀበያቸው። ገበያ የለም። ያለው ውሳኔ ነው። ውሳኔ ባለበት ደግሞ እሴት አለ።

ውሳኔው እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ፤ ከውስጥ ስለማውቀው።

በዓለም የተለመደው የሥራ ምዘና ዘዴ ነጥብ መስጠት ነው። ሥራው የሚጠይቀው እውቀትና ክህሎት ስንት? ኃላፊነቱ ስንት? ጥረቱ ስንት? የሥራ አካባቢው ሁኔታ ስንት? ነጥቡ ይደመራል፣ ደረጃው ይወጣል፣ ደሞዙ ይከተላል። ሲያዩት ሳይንስ ይመስላል። የዘመድ አሠራርን ስለሚቀንስም ዘዴውን እደግፈዋለሁ። ግን ቅጹን ቀረብ ብለሽ እዪው።

«ኃላፊነት» ከሚለው ሥር ብዙ ቅጾች የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። በእጅህ ስንት ብር ያልፋል? በሥርህ ስንት ሠራተኛ አለ? የንብረት ክፍል ኃላፊው ለሁለቱም መልስ አለው። መጋዘን አለው፣ ሁለት ረዳት አለው። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ግን ብር አታንቀሳቅስም። ፊቷ የተቀመጡት 60 ልጆች ደግሞ «በሥሯ ያሉ ሠራተኞች» አይደሉም። ቅጹ ላይ ቁጥራቸው የሚገባበት ሳጥን የለም። «ጥረት» ሲመጣ ስንት ኪሎ ታነሳለህ ይባላል። የሚያለቅስ ልጅ አባብሎ፣ የሚደባደቡትን ገላግሎ፣ ደግሞ ወደ ሰሌዳው መመለስ በኪሎ አይመዘንም። «የሥራ አካባቢ» ሲባል አቧራና ኬሚካል ይጠየቃል። በመንዝ ብርድ መስኮቱ በተሰበረ ክፍል ቆሞ መዋል ግን ብዙ ጊዜ አይመዘገብም።

ከዚያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ክብደት ይሰጠዋል። ለገንዘብ ኃላፊነት ይህን ያህል በመቶ፣ ለሰው ኃላፊነት ይህን ያህል በመቶ። እዚያ ላይ አምስት ነጥብ ከአንዱ ወደ ሌላው ብታዛውሪ የደረጃው ተራ ይገለባበጣል። ስብሰባው ላይ ስለ እሴት የሚያወራ ሰው አትሰሚም። «የክብደት መቶኛ» ነው የሚባለው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። አንድ ሀገር ለልጅ አስተማሪ ምን ያህል ዋጋ እንደምትሰጥ ማወቅ የፈለገ ሰው የመምህራን ቀን ንግግሮችን ትቶ ያቺን ሠንጠረዥ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ማስረጃ የደሞዝ ስኬሉ ራሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ሲሻሻል የታችኛው እርከን በብዙ ጨመረ፣ የላይኛውን ጥቂት ብቻ ነካ አደረገው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ማሻሻያ መጣ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ። በዲግሪ ጀማሪ የሆነው ከ6,940 ወደ 11,500 አደገ። ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ወጣ። በመቶኛ አስይው። ታች 26፣ መካከል 66 ገደማ፣ ላይ 81 ገደማ። ከላይ ያለው ከታች ካለው 4.5 እጥፍ የነበረው 6.5 እጥፍ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራ አልቀለለም፣ የበላዩም ሥራ አልተለወጠም። የተለወጠው የወሳኙ ሐሳብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «ከታች ያለው በልቶ ይደር» አለ። በሁለተኛው «የተማረው ጥሎን እንዳይሄድ» አለ። ሁለቱም ሊሟገቱለት የሚቻል አቋም ነው። እኔ የመጀመሪያው ቶሎ ተረሳ ባይ ነኝ። ብቻ ሁለቱም ምርጫ ናቸው፤ የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም።

አለመወሰንም ራሱ ውሳኔ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ይህን እስክጽፍ ድረስ ለግሉ ዘርፍ ሀገራዊ የደሞዝ ወለል አልወጣም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ ያለችው ልጅ የእጇ ዋጋ የተተወው ለድርድር ነው፤ ለድርድሩ ደግሞ ብቻዋን ነው የምትቀርበው።

አሁን «የሚከፈለው የሚከበረውን ያህል ነው» የሚለውን አባባል ራሱን እንየው። የራሳችን ታሪክ አይደግፈውም። አንዳንዴ እንዲያውም ግልባጩ ነው።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አካባቢው በእጅ ሙያተኞቹ የታወቀ ነበር። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ጠይብ ነው። ያለ ማረሻ እህል የለም፣ ያለ እህል ንጉሥም የለም። ሙያተኛው ለሥራው ይከፈለው ነበር፤ በእህልም በገንዘብም። ግን ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራል፣ ጋብቻ ይከለከላል፣ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። የሚከፈለው ስለተከበረ አልነበረም። ርስት ስለሌለው በክፍያ ከመኖር ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነው። ሸማኔውም፣ ፋቂውም፣ ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር የሚያሳየው፣ እዚያው አካባቢ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማስነገራቸው ነው። ስድቡ ብርቱ ባይሆን አዋጅ ባላስፈለገው ነበር።

የተከበረው ሰው ደግሞ ደሞዝ አይቀበልም ነበር። ካህኑ መሬት ነበረው። ሹሙና የጦር አለቃው ጉልት ተሰጥቷቸው የገባሩን እህልና ጉልበት ይበሉ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው በቀልድ አይደለም። ሹመቱ ራሱ ደሞዝ ነበር፤ መጠኑን የሚቆርጠው ደግሞ ባለሹመቱ። ከዚያ ሥርዓት የተረፈውን የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ አፈረሰው። ስለዚህ የዚያን ዘመን እሴት ማወቅ ከፈለግሽ ማን ብር ተቀበለ ብለሽ አትጠይቂ። በሌላው ሰው ላብ ላይ መብት የተሰጠው ማን ነበር በዪ። ዛሬም ቢሆን ከደሞዝ ወረቀቱ ውጭ ያለውን ማየት ይጠቅማል። አበሉ፣ መኪናው፣ ቤቱ፣ ሥልጠናው። 39,000 ብር የሚለው ቁጥር ብቻውን ሙሉውን አያወራም።

እናትሽን ለመጨረሻ ያቆየኋት ከሁላችሁም የሷ ስለሚያሳስበኝ ነው።

አዋላጅ ሌሊት ትጠራለች። ባናዋን ደርባ ትወጣለች። ጅብ አለ፣ ገደል አለ፣ ብርዱ አለ። ልጁ በሰላም ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎው ይቀርባል፣ ክርስትናው ላይ የክብር ቦታ ይሰጣታል፣ «ማርያም ታኑርልኝ» ትባላለች። ይህ ምንም አይደለም አልልም። ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ በሰፈር ውስጥ እንደ ገንዘብ ያገለግላል። ሲያርሱላት፣ ሲያጭዱላት፣ ስትታመም ሲጠይቋት አይተሽ ይሆናል። ችግሩ ውለታ ከሰፈር አይወጣም። መድኃኒት ቤት ገብተሽ «እናቴ ስንቱን አዋልዳለች» ብትዪ መድኃኒት አይሰጡሽም። ባለውለታዎቹም ያረጃሉ፣ ይሰደዳሉ።

ገንዘብ ያልተከፈላት ስላልተከበረች አይደለም። «አልመጣም» ማለት ስለማትችል ነው። ግንበኛው ቱንቢውን ጠቅልሎ ይሄዳል። እሷ በር ላይ ምጥ የያዛት ሴት ባል ቆሞ እያለቀሰ በዋጋ አትደራደርም። ሕሊናዋ አይፈቅድላትም። እንግዲህ የእኔ እምነት ይህ ነው። ሕሊና የያዘው ሥራ ሁሉ ዋጋው ይወርዳል፤ ሠሪው እንደማይሄድ ስለሚታወቅ። ነርሷ፣ ሕፃን ጠባቂዋ፣ አረጋዊ የምትጦረው ልጅ፣ አንቺም ጭምር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደሞዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ክርክሩ ወዲያው ከብር ወደ ሙያ ሥነ ምግባር ዞረ። ግንበኛ ሥራ ቢያቆም ስለ መሐላው የሚያነሳበት የለም።

አይስላንድ ውስጥ በጥቅምት 1968 ዓ.ም. ሴቶቹ ለአንድ ቀን ይህን ሞክረውታል። የደሞዝ ሥራውንም፣ የቤቱንም ሥራ አቆሙ። ከሴቶቹ 90 በመቶ ገደማ ተሳተፉ። ትምህርት ቤቶችና የዓሣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። በማግሥቱ ዓመት የሴቶችና የወንዶችን እኩልነት የሚመለከት ሕግ ወጣ። እናትሽ ግን አንዲት አዋላጅ ናት። ለአንድ ቀን ብትቀር የሚሞት ሰው አለ።

እኛም አገር ነገሩ ተነክቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሠልጥነው በመንግሥት ደሞዝ ተቀጠሩ። እናትሽ በነጻ ስትሠራው ከኖረችው ሥራ ቢያንስ ከፊሉ በጀት ውስጥ ስም አገኘ። ለእኔ ይህ ትልቅ የእሴት ለውጥ ነው፤ ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም። ግን ከዓመታት በኋላ የሴቶች ልማት ሠራዊት መጣ። አንድ ለአምስት ተደራጅተው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እናቶችን ወደ ጤና ኬላ የሚልኩት ሴቶች ያለ ክፍያ ነው የሠሩት። «በፈቃደኝነት» ተባለ። ለጤና ኬላው ጥበቃ ሲቀጠር በፈቃደኝነት ጠብቅ የሚለው የለም፤ ደሞዝ ይመደብለታል። ይህን ሳስብ ንዴት ይይዘኛል። የት ላይ ነው ደሞዝ የሚቆመው፣ የት ላይ ነው «ፈቃደኝነት» የሚጀምረው? መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ስለ እኛ ከየትኛውም የደሞዝ ስኬል የበለጠ ይናገራል።

ሥራ ልቀይር ወይ ላልሽው። ልመክርሽ የምችለው ሒሳቡን በትክክል እንድትሠሪው ነው። ያንቺን ደሞዝ ስትጽፊ ከጎኑ ጡረታውን ጻፊ። አንቺ 7 በመቶ ታዋጫለሽ፣ አሠሪሽ 11 በመቶ ይጨምራል። ያ 11 በመቶ የደሞዝሽ አካል ነው፣ ግን አታዪውም። የሕመም ፈቃዱን፣ የወሊድ ፈቃዱን፣ የክረምቱን ጊዜ ጻፊ። ከጀማሪ እስከ መሪ መምህር ያለውን የደረጃ ዕድገት አስይና ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደምትሆኚ ጻፊ። መምህራን በማኅበር ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ የሚያገኙበት ዕድል ወረዳሽ ውስጥ ካለ እሱን አትዝለዪው፤ ቦታ ዛሬ ከብር ይበልጣል። ከዚያ በኋላም ሒሳቡ ካልሞላልሽ መሄድ ነውር አይደለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ሁለተኛ ገዢ ናቸው። ባትሄጂም ዋጋቸውን ማወቅሽ አይከፋም። ጥሩ መምህር እየለቀቀ መሆኑን ወረዳው ሲያይ ነው የቤት አበልና የሩቅ ቦታ ጥቅም ጉዳይ የስብሰባ አጀንዳ ላይ የሚወጣው። ዝም ብሎ የሚቆይ ሰው አጀንዳ ላይ አይወጣም።

ለወንድምሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። ዛሬ ከአንቺ ይበልጣል፣ ግን ጉልበቱና ወገቡ ናቸው የሚሠሩለት። አሁን ያለበት ኮንትራክተር በውል ከቀጠረው፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ይመለከተዋል። እዚያም 7 እና 11 በመቶ ነው። ብዙ ግንበኛ ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀውም «ከእጄ ላይ ይቆረጥብኛል» ብሎ አይፈልግም። ውል እንዳለው፣ የጡረታ መለያ ቁጥር እንደወጣለት ጠይቂው። ከሌለው አሁን በሥራው በሚፈለግበት ሰዓት ይጠይቅ። ሕንፃው ሲያልቅ የሚሰማው አያገኝም።